ሠልጥኖ የተመለሰ ሰው

በእኛ አገር የፖለቲካ ሥልጠና ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ውሎ አበል ነው። ቀጥሎ ባነር የተሰቀለበት አዳራሽ፣ በየጠረጴዛው የተደረደረ የታሸገ ውኃ፣ ሰነዱን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ኃላፊ፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ደግሞ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ የቡድን ውይይት ይመጣል። የእኔ እንጀራ በከፊል የሚገኘው የተለያዩ ፓርቲዎች ወጣት አባላት አንድ ላይ የሚሠለጥኑባቸውን መድረኮች በማወያየት ነው። ይህን ለሰው ስናገር የሚከተሉኝ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ማን ነው የሚከፍለው? እናንተስ የማን ናችሁ?

ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ለሁለቱም መልስ አለኝ። እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ማንም የማይጠይቀኝ ሦስተኛው ነው። ሠልጣኙ ወደ ቤቱ ሲመለስ ፓርቲው ምን ያደርገዋል?

የሰዉ ጥርጣሬ መሠረት አለው። በደርግ ዘመን የተከፈተው የካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤት ሥራው ካድሬ ማፍራት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እነ መኢሶንና ወዝ ሊግ የተባሉት የዘመኑ የግራ ድርጅቶች የየራሳቸውን ሰው ለመመልመል ተሻሙበት፤ ጊዜው ሲገፋ ደርግ ሁሉንም ጠራርጎ ብቻውን ቀረ። ኢሕአዴግም በተራው ሥልጠናን ከግምገማ ጋር አቆራኝቶ አሳደገው። በ2006 ዓ.ም ክረምት መገባደጃ በየግቢው ተሰብስቦ ስለ መንግሥት ፖሊሲ የሠለጠነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዛሬም ያንን ሰሞን አይረሳውም። ከፓርቲ ውጭ ያለ አካል ይህን ሥራ ልሥራ ቢልስ? የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በዴሞክራሲና በሰብዓዊ መብት ጉዳይ እንዳይሠራ ዘግቶበት ነበር። ለእንዲህ ዓይነት ነገር ኪሱን የሚከፍት የአገር ውስጥ ባለ ሀብት ደግሞ ከየት ይመጣል? አዋጁ በቁጥር 1113/2011 እስኪተካ ድረስ አንድ የፖለቲከኞች ትውልድ ተቀናቃኙን በቴሌቪዥን ክርክር ወይም በፍርድ ቤት ብቻ እያየ አደገ። በ2002 ምርጫ ከተቃዋሚው ወገን ግርማ ሰይፉ ብቻቸውን ፓርላማ ገቡ፤ በ2007 ደግሞ አንድም መቀመጫ ለተቃዋሚ አልተረፈም። አብሮ መሥራትን በሥራ ላይ የሚማሩበት ቦታ እንኳ አልነበረም ማለት ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንደሚያደርጉት ሳነብ ልቤ የሄደው ስሙ እምብዛም ወደማይነሳ አንድ የአሜሪካ ተቋም ነው። የመካከለኛው ምዕራብ 11 ግዛቶች ሕግ አውጪዎች በጋራ የሚያካሂዱት ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሚኒሶታም አንዷ ናት። ቦውሄይ ተቋም ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በየበጋቸው በዊስኮንሲን ዋና ከተማ በማዲሰን ለአምስት ቀናት አዳዲስ የምክር ቤት አባላትን ያሠለጥናል። የሚገቡት ከተመረጡ ገና አራት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ይመርጣቸዋል። የሚማሩት ርዕዮተ ዓለም አይደለም፤ ድርድር፣ የጊዜ አጠቃቀም፣ ከተቃራኒው ወገን ድምፅ አሰባስቦ አንድ ሕግ ማሳለፍ ነው። (ከ11ዱ አንዷ ነብራስካ አንድ ምክር ቤት ብቻ ነው ያላት፤ 49ኙ አባላት ሲወዳደሩ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የፓርቲያቸው ስም አይጻፍም። መቼም ማን የማን እንደሆነ አገር ምድሩ ያውቃል። ቢሆንም ወረቀቱ አለመናገሩን ወድጄዋለሁ።)

የምቀናባቸው ለሥርዓተ ትምህርቱ አይደለም፤ እርሱንማ እኛም አለን። የምቀናው ሠልጣኙ ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሲገባ ማንም ቀና ብሎ «የት ከረምክ?» ስለማይለው ነው። አስቀድሞ ተመርጧል፣ ወንበር አለው። ያሠለጠነውም የሕግ አውጪዎቹ የራሳቸው ማኅበር ነው።

ወደ እኛው ልመለስ። ከማካሂዳቸው ልምምዶች አንዱን ከሁሉ አብልጬ እወዳለሁ። ከሁለት ፓርቲ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል። አንደኛው ተነሥቶ የሌላውን ፓርቲ አቋም ያስረዳል፤ የአቋሙ ባለቤት «አዎ፣ እኛ የምንለው ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ አይቀመጥም። መከራከር አይፈቀድም፣ ማሽሟጠጥም አይፈቀድም። ርዕሱ ብዙ ጊዜ መሬት ነው፤ በመሬት ጉዳይ ዝም የሚል ኢትዮጵያዊ ፖለቲከኛ አላጋጠመኝም።

ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ውስጥ ነበርን። ከገዥው ፓርቲ የመጣ የወረዳ ወጣት አመራር የመሬት የግል ባለቤትነትን እንዲያስረዳ ዕጣው ወጣበት። ከፊቱ የተቀመጠችው ከተቃዋሚ ፓርቲ የመጣች የሕግ ባለሙያ ናት። ልጁ ኮቱን ቆለፈና ተነሣ።

«እነሱ የሚሉት መሬት ይሸጥ ነው።»

«አይደለም» አለች።

«መሬት ለባለ ሀብት ይሰጥ ነው።»

«አይደለም።»

ከኋላ የተቀመጡት መሳቅ ጀመሩ። ልጁ ላብ አጠመቀው። «እሺ እኅቴ፣ ታዲያ ምንድን ነው የምትሉት?»

«ጠይቀኝ እንጂ! እስካሁን እኮ አንድም ጥያቄ አልጠየቅከኝም።»

ያን ጊዜ ጠየቃት። እርሷም የአባቷን ማሳ ነገረችው፤ ከተማው እየሰፋ ሲመጣ እንዴት እንደ ተወሰደ፣ ካሣው በምርቱና በዛፉ ተሰልቶ ለመሬቱ ግን ምንም እንዳልተከፈለ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 በቃሏ ጠቀሰችለት፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም የሚለውን። ልጁ ዝም ብሎ ጻፈ። እንደገና ተነሣና በዝግታ እንዲህ አለ፦ «የሚሉት ይመስለኛል… ገበሬው ሊሸጠው የማይችለውን መሬት ሌላ መጥቶ ሲወስድበትም እምቢ ማለት አይችልም። ሻጭ ሊሆን የሚገባው እንዲሸጥ ብቻ ሳይሆን አልሸጥም እንዲልም ነው።»

«አዎ» አለች። ልጁ እየተቀመጠ «ግን አልተስማማሁም» ብሎ አዳራሹን አሳቀ።

ተራዋ ደርሶ የመንግሥትን ባለቤትነት ስታስረዳ ከእርሱም በለጠች። በድርቅ ዓመት በሬው ያለቀበት ገበሬ ማሳውን በርካሽ ሸጦ፣ ገንዘቡን በልቶ፣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ከተማ ሲፈልስ በዓይናችን እስክናየው ድረስ ተናገረች። «ከእኛ ኃላፊዎች በተሻለ ነው የተናገርሽው» አላት፤ ወዲያው ደግሞ ማን እንደ ሰማው ዘወር ብሎ አየ።

ሰው ሐሳቡን ለውጦ ወጣ አልልም። አንዳቸውም አልለወጡም። እኔም እንዲለውጡ አልፈለግሁም፤ ሐሳብ ለማስለወጥ የሚደረግ ሥልጠና ሌላ ስም አለው። ሁለቱ ያገኙት የተቃዋሚያቸውን ምክንያት ከባለቤቱ አፍ መስማት ነው። የሚገርመው፣ ፓርላማ ቢገቡ በመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልጋቸው ይኸው ነው፤ እዚያ ሊቀመጡ የሚችሉት ግን ፓርቲያቸው ካስቀመጣቸው ብቻ ነው።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ለምሳ ስንወጣ ሆቴሉ የጾምና የፍስክ ምግብ በሁለት ወገን አሰናድቷል። ተሰልፈው ሲለያዩ አየሁ፤ ጠዋት አንዱ የሌላውን ፓርቲ ሲያብጠለጥል የነበረው ከዚያው ተቀናቃኙ ጋር ሽሮ ይቀዳል፣ የአንድ ፓርቲ ልጆች ደግሞ በጥብሱ የተነሣ ለሁለት ተከፍለዋል። አወያይ ሁኜ ያቀድኩት አንድም ነገር እንደዚያ ምሳ አላደባለቃቸውም።

በመጨረሻው ቀን ፎቶ ለመነሣት ደረጃው ላይ ተሰለፍን። ካሜራው እንደ ተመለሰ ያ የወረዳ አመራር ወደ ጎን ሳበኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉት።»

«ለምን?»

«የእኛ ሰዎች ካዩት ከማን ጋር ነበርክ ብለው ይገመግሙኛል።»

ጥቂት ቆይታ የሕግ ባለሙያዋ መጣች። እርሷም ስለ ፎቶው ነበር። «የእኛዎቹ ተሸጠች ነው የሚሉት፤ ለማስረዳት አቅም የለኝም» አለችኝ። ሁለቱ ያለ ልምምድ የተስማሙበት ነጥብ ይህ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማስበው ስለ ብራዚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኤድዋርዶ ሙፋሬዥ የተባለ ባለ ሀብት ሬኖቫቢአር የተሰኘ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ከየትኛውም ፓርቲ ይሁኑ፣ ፖለቲካን ከዚህ በፊት ያልሞከሩ ሰዎችን በውድድር መርጦ፣ የኑሮ ድጎማ ከፍሎ፣ የመንግሥት በጀትንና የምርጫ ዘመቻን አስተማራቸው። በ2018ቱ ምርጫ ከተመራቂዎቹ 17ቱ አሸነፉ። ከሮራይማ ግዛት የተመረጠችው ጆኤኒያ ዋፒሻና ከነባር ሕዝቦች ወደ ፌዴራል ምክር ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ፌሊፔ ሪጎኒ ዓይነ ስውር ነው። ታባታ አማራል የሳኦ ፓውሎ ዳርቻ ልጅ ናት፤ በሃርቫርድ ተምራ ተመልሳ በ24 ዓመቷ ከ260 ሺህ በላይ ድምፅ አገኘች። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ለገንዘብ ለጋሾች የሚላክ ሪፖርት ይመስላል።

ሐምሌ 2019 ላይ የጡረታ ማሻሻያ ሕግ ለድምፅ ቀረበ። የታባታ ፓርቲ፣ የግራ ዘመሙ ዴሞክራሲያዊ ሠራተኞች ፓርቲ፣ አባላቱ በሙሉ ሕጉን እንዲቃወሙ ወስኖ ነበር። እርሷና ሌሎች ሰባት የፓርቲው አባላት ግን ደገፉት፤ ሕጉ በ379 ለ131 አለፈ። ፓርቲው አገዳቸው። የፓርቲው የፕሬዚዳንት ዕጩ የነበሩት ሲሮ ጎሜስ ነገሩን ሁለት ፓርቲ ማገልገል አድርገው አዩት፤ አንዱ በግልጽ የተመዘገበ፣ ሌላው በባለ ሀብቶች ገንዘብ የቆመ። በብራዚል ደግሞ ወንበሩ በመሠረቱ የፓርቲው ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት ፓርቲውን ጥሎ የወጣ ተመራጭ ወንበሩን ያጣል። ታባታ ጉዳዩን እስከ ከፍተኛው የምርጫ ፍርድ ቤት ይዛ ሄዳ በ2021 ወንበሯን እንደ ያዘች እንድትወጣ ተፈቀደላትና ወደ ሶሻሊስት ፓርቲው ገባች።

ይህን ታሪክ ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው ሁሉም ለታባታ ይፈርዳሉ። እኔ ግን ከሲሮ ጎሜስ ክስ ግማሹን አምናለሁ። ከፓርቲ ነፃ መሆን ከጥቅም ነፃ መሆን አይደለም። ማን ይመረጣል፣ ስለ በጀት የሚያስተምረው ማን ነው፣ የኑሮ ድጎማውን የሚከፍለው ማን ነው የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ሰውን ወደ አንድ ወገን በቀስታ ይገፋሉ፤ የገፋው እጅ ደግሞ በምርጫ አይጠየቅም። ፓርቲ ቢያንስ ስሙ በምርጫ ወረቀቱ ላይ አለ። አባሉን አሥር ዓመት ያሳደገ ድርጅት፣ ሌላ ሰው በጥቂት ሳምንት ሥልጠና ልቡን ወሰደብኝ ብሎ ቢቆጣ ምን ያስገርማል? ያም ሆኖ ታባታን የመረጧት ሰዎች የፓርቲ ደብዳቤ አልመረጡም።

የእኛ ሕገ መንግሥት በዚህ ላይ አስደናቂ ድንጋጌ አለው። አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 4 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላትን የመላው ሕዝብ ተወካዮች ይላቸውና ተገዢነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው ይላል። ፓርቲ የሚል ቃል በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በሥልጠና ላይ ይህን አንቀጽ ሳነብ አዳራሹ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማል፤ ማፏጨትም ሳቅም ያልሆነ ነገር። በእኛ ምክር ቤት ውስጥ ከፓርቲው መስመር ወጥቶ እጁን ያወጣ ሰው ስንት ጊዜ አየን? ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ ከተቃዋሚ ፓርቲዎች መሪዎች ጥቂቶቹ የሚኒስትርነት ሹመት ሲቀበሉ፣ ብርሃኑ ነጋ ትምህርት ሚኒስቴርን ሲይዙ፣ የመንደር ወሬው ሁሉ «ተሸጡ» እና «ብልህ ሆኑ» በሚሉ ሁለት ቃላት ተከፈለ። ከዚህ መሐል የሚቆም ሦስተኛ ንባብ አጣን። ያች የሕግ ባለሙያ የፈራችው ቃል ከዚያ የመጣ ነው።

በቱኒዚያ የተሞከረው መንገድ የእኔን ጥያቄ ቀድሞ ያሰበበት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው የቱኒዚያ የፖለቲካ ትምህርት ቤት ሠልጣኞቹን በፓርቲዎቹ በራሳቸው በኩል ነበር የሚቀበለው። እስላማዊው ፓርቲ ኤናህዳም ዓለማዊዎቹ ፓርቲዎችም ላኩ። ከበስተጀርባው በ2000 በአገሩ ፓርቲዎች የተመሠረተው የኔዘርላንድስ የመድብለ ፓርቲ ዴሞክራሲ ተቋምና የቡልጋሪያ የፖለቲካ ትምህርት ቤት ነበሩ። ፓርቲው የላከው ሰው ሲመለስ ሰርጎ ገብ አይባልም። የሚጎዳውም ነገር አለ፤ ፓርቲ የሚልከው የሚታመንበትን ነው፣ ጠያቂውን ቤት ያስቀረዋል። ሆኖም ከፎቶ መደበቅ ይሻላል። ትምህርት ቤቱ በደህና ሲሄድ ሐምሌ 2021 ላይ ፕሬዚዳንት ቃይስ ሰዒድ ፓርላማውን አገዱ፤ በማግሥቱ ዓመት በተኑት። የሠለጠነውም ያልሠለጠነውም እኩል ውጭ ቀረ።

የሩሲያው ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው። ሌና ኔሚሮቭስካያና ባለቤቷ ዩሪ ሴኖኮሶቭ እ.ኤ.አ. በ1992 የመሠረቱት የሞስኮ የፖለቲካ ጥናት ትምህርት ቤት ለብዙ የአውሮፓ ከተሞች አርአያ ሆነ፤ በአውሮፓ ምክር ቤት ሥር በየአገሩ እኅት ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በራሱ አገር ግን በ2014 የውጭ ወኪል ተብሎ ተፈረጀና ተዘጋ። እኛ ያን ቃል በራሳችን መንገድ እናውቀዋለን፤ «ተላላኪ» እንለዋለን።

በዚህ ሁሉ መሐል እኔ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ቀይሬያለሁ። ለፓርቲዎች በምጽፈው የጥሪ ደብዳቤ ላይ ከአሁን በኋላ ወጣት ብቻ አልጠይቅም። ወጣቱን የሚገመግመውን ሰው አብራችሁ ላኩ እላለሁ፤ የወረዳውን ወይም የቅርንጫፉን ሰብሳቢ፣ ፎቶውን አይቶ ስልክ የሚያነሣውን። ገንዘብ የሚሰጡን ወገኖች አልወደዱትም። በፕሮፖዛሉ ላይ «ወጣት» የሚል ቃል አለ፣ ዕድሜም ተጽፏል፤ የሃምሳ ዓመት ሰብሳቢ በየትኛው መስመር ይገባል? በብዙ ኢሜይል «ደጋፊ ተሳታፊ» የሚል ስም ተገኘለት። አለቃው ባለበት ወጣቱ አፉን ይዘጋል የሚለው ሥጋት እውነት ነው፤ ስለዚህ ለየብቻ የሚቀመጡበት ክፍለ ጊዜ አለ። በዚያ በመሬት ልምምድ ላይ ግን አለቆቹም ይነሣሉ። የሌላውን ፓርቲ አቋም በትክክል ለማስረዳት ተቸግሮ ሦስቴ «አይደለም» የተባለ ሰብሳቢ፣ ልጁ ለምን ከእነዚያ ጋር ተቀመጠ ብሎ ለመቆጣት ትንሽ ጊዜ ይፈጅበታል።

ባለፈው ሰሞን ለአንድ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ደወልኩ። በትግሉ ውስጥ የኖሩ፣ የታሰሩ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው።

«ልጆቹን እልክልሃለሁ» አሉኝ፤ «እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ምን ልማር እመጣለሁ?»

«እንዲማሩ አይደለም ጋሼ። ሲመለሱ የሚገመግሟቸው እርስዎ ስለሆኑ ነው።»

«እነዚያኞቹስ ማንን ይልካሉ?»

ስሙን ነገርኳቸው። በምርጫ ዘመቻ ሰሞን በሬዲዮ የተሰዳደቧቸው ሰው ነበሩ።

«እመጣለሁ» አሉ በመጨረሻ፤ «ከእርሱ ጋር አጎራባች ክፍል እንዳትሰጡኝ እንጂ።» ክፍሉን በሌላኛው ሕንፃ አስያዝኩላቸው። ስለ ምሳ ጠረጴዛው ምንም ቃል አልገባሁም፤ መርሐ ግብሩንም ረቡዕ እንዲጀምር አድርጌዋለሁ።